የግራ እግሩ ነጂ ተዝካር

ፀጉር አስተካካዮች ሰኞ አይሠሩም። በሺዙኦካ ከተማ ይህ ሕግ ይሁን ልማድ አጣርቶ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ሰኞ ዕለት ምላጭ ይዞ የተገኘ ፀጉር አስተካካይ የሰፈር ወሬ ማሟሻ ሆኖ ይከርማል። የኩኒኮ ኡንኖ ፀጉር ቤትም ሰኞ ዝግ ነው። በወር አንድ ሰኞ ግን፣ መጋረጃው እንደተጋረደ፣ ከምሳ በኋላ በሩ ይንኳኳል። ሦስት ሰዎች ይገባሉ። የደንበኛ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ይንጋለላሉ፤ የቢራ ጣሳዎች ይከፈታሉ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ይበራና «ካዛንጋ» ይጀምራል።

«ካዛንጋ» ኩኒኮ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ሳለች ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የታየ አኒሜ የሚባል የሥዕል ፊልም ነው። አምስት ወጣቶች አምስት መኪና ይነዳሉ። ከባሕር ሥር ጭራቅ በወጣ ቁጥር መኪኖቹ ይገጣጠሙና ተራራ የሚያህል የብረት ሰው ይሆናሉ። ጭንቅላቱን የሚነዳው መልከ መልካሙ ነው፤ እጆቹን የሚነዱት ኩሩው ልጅና ብልኋ ልጅ፣ ቀኝ እግሩን ደግሞ ቀልጣፋው ታዳጊ ነው። ግራ እግሩን የሚነዳው ኢዋኦ ነው። ኢዋኦ ወፍራም ነው፤ ሆዳም ነው፤ ሲሮጥ ያለከልካል። ጭራቅ መጣ ተብሎ ደወል በተደወለ ቁጥር ኮሮኬ የምንለውን የድንች ጥብስ በአፉ እንደሞላ ነው የሚያገኙት። የሰፈር ልጆች ካዛንጋ ሲጫወቱ ጭንቅላት ለመሆን ይደባደቡ ነበር። ግራ እግር የሚሆነው ዘግይቶ የመጣው ነው።

ኩኒኮ ከአምስቱ የወደደችው ኢዋኦን ነው። ጓደኞቿ ሳቁባት። «እግር ከሌለ ያ ቆንጆ ጭንቅላታችሁ በምን ሊቆም ነው?» አለቻቸው፤ እስከ ዛሬም መልሷ ይኸው ነው። አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ክንደ ጠንካራ፤ ከአባቷ የወረሰችውን ፀጉር ቤት ብቻዋን ታሠራለች። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቅ ደንበኛ ምላጩ ጉሮሮው ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው ሁለተኛ አይጠይቅም። ሥራ ላይ አፏ አያርፍም፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤዝቦሉ፣ ስለ ደንበኛው አማት ታወራለች፤ ወሬው የሙያው ግማሽ ነውና። ሰኞ ዕለት ግን፣ ያቺ በወር አንዴ የምትመጣው ሰኞ ካልሆነች በቀር፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳትተነፍስ መዋል ትችላለች። ሞክራው ሳይሆን ሆኖባት ነው የምታውቀው።

ወደ ኢዋኦ እንመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ከሱ ሞት ነው የተወለደው። ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል የጭራቆቹ ንጉሥ የካዛንጋን ግራ እግር ነክሶ ወደ ባሕር ይጎትታል። አራቱ ጓደኞቹ «እንያያዝ፣ አብረን እንሙት» እያሉ ሲላቀሱ ኢዋኦ ማያያዣውን በራሱ እጅ ይፈታውና ከነጭራቁ ይሰምጣል። የመጨረሻ ቃሉ «ምሳዬን አስቀምጡልኝ» የሚል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ካዛንጋ በአንድ እግሩ፣ ጦሩን ተመርኩዞ ተዋግቶ አሸነፈ። ያን ሰሞን በአገሩ ሁሉ ራት መብላት ያቃታቸው ልጆች እንደነበሩ ይወራል። ኩኒኮ ከነሱ አንዷ ነበረች።

በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ታሪክ ቆራርጠው ሦስት የሲኒማ ፊልም አደረጉት። እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። በሦስተኛው ፊልም መጨረሻ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ሲለብስ፣ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለች የጥብስ መሸጫ ትታያለች። አንድ ወፍራም እጅ ከግራ በኩል ይመጣና ኮሮኬ ይቀበላል። አለቀ። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ፣ እጅ ብቻ።

ሂሳሺ ማኪታ ያ እጅ የኢዋኦ ነው ይላል። ማኪታ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፕላስቲክ መጫወቻ በሚያመርት ፋብሪካ የቅርጽ ማውጫ ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ነገረኛና ቸር ሽማግሌ። የሲኒማው ወገን አለቃ እሱ ነው። የቴሌቪዥኑ ወገን አለቃ ኩኒኮ ናት። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ ሲባባሉ ኖረዋል፦

«የነጂ ጓንት ምልክት እጁ ላይ አለ» ይላል ማኪታ።

«ዓሣ አጥማጅም ጓንት ያደርጋል፣ ጋሼ ማኪታ።»

«ዓሣ አጥማጅ ኮሮኬ በግራ እጁ ይቀበላል?»

«ግራኝ ከሆነ ይቀበላል። አገሩ ውስጥ ያለ ወፍራም እጅ ሁሉ የኢዋኦ ነው እንዴ? እርስዎ መቀበሩን አላዩም። እኔ አይቻለሁ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ።»

«ባሕር ውስጥ ገባ እንጂ መች ተቀበረ!»

ቀሪዎቹ ሁለቱ ዳኞች ናቸው። አንደኛው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለው ቤተ መቅደስ መነኩሴ ሪዮሹን ነው፤ በአገሩ መነኩሴም ያገባልና ሦስት ልጆች ያሉት፣ ቢራ የሚወድ፣ ድምፀ መረዋ ሰው። ሁለተኛዋ ቺናሚ ናት፤ የሠላሳ ዓመት ወጣት፣ የመዋእለ ሕፃናት አስተማሪ። አኒሜው ሲታይ አልተወለደችም፤ ለሁለቱም ወገን እኩል ታለቅሳለች፣ ለሁለቱም እኩል ትስቃለች። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ በሷ እጅ የሚሆነውም ገለልተኛ ስለሆነች ነው።

ተዝካሩን የጀመረው መነኩሴው ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ ከሥልጠና እንደተመለሰ፣ የኢዋኦን ሞት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባዩበት ቀን እንባውን ጠርጎ «እስቲ ጸሎት ላድርስለት» አለ። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግን ጸሎት አንዴ ከተጀመረ ቀልድ መሆኑ ይቀራል፤ በዓመቱ ደገመው፣ በሦስተኛው ዓመት እንደ ቤተ መቅደሱ ልማድ ለሟች የሚሰጠውን አዲስ ስም ሁሉ አወጣለት። ማኪታም ስሙ የሚጻፍባትን ሰሌዳ ከፋብሪካ ትርፍራፊ ግራጫ ፕላስቲክ ቀርጾ አመጣ። ሲሰጣቸው «እኔ ሞቷል ብዬ አይደለም» አለ። «ካልቀረ ግን ጠርዟ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይኑረው።»

ከዚያ ወዲህ ዓመቱ በኢዋኦ ሞት ነው የሚቆጠረው። ጥር ላይ ከአንደኛው ክፍል ይጀምራሉ፤ በየወሩ የተወሰነ ክፍል እያዩ ኅዳር ላይ ኢዋኦ ይሞታል፤ ኮሮኬ በሰሌዳዋ ፊት ይቀርብና ተዝካሩ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ፊልሞቹ ይታያሉ፤ ማኪታ ያን እጅ እያሳየ ይከራከራል። ጥር ላይ ኢዋኦ እንደገና አፉን ሞልቶ ብቅ ይላል። ኩኒኮ ይህ የሚያልቅ ነገር ነው ብላ አስባ አታውቅም።

በመስከረም መጨረሻ መነኩሴው እንደ ልማዱ ሊላጭ መጣ። ጠዋት ነበር፤ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ኩኒኮ አረፋ ቀብታው ከማጅራቱ ጀምራ ወደ ላይ ስትወጣ ዓይኑን እንደጨፈነ ተናገረ።

«ዘንድሮ ሠላሳ ሦስተኛው ነው።»

«የምኑ?»

«የኢዋኦ ተዝካር፣ ሞቱ የታየበትን ዓመት አንድ ብለን ስንቆጥር። በኛ ሥርዓት ሠላሳ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ከዚያ ሟቹ ከአባት ከአያቶቹ ጋር ይቀላቀላል፤ ለብቻው አይጠራም። ሰሌዳውም ይቃጠላል።» ትንሽ አሰበና «ፕላስቲክ ነው፤ ይሸታል። ማኪታ ለሱ አላሰበበትም» አለ።

ኩኒኮ እጇ ሳት አለ። ሠላሳ ዓመት ሲላጭ ደም አይቶ የማያውቀው ራስ ላይ ቀይ መስመር ወጣ።

«ቆረጥሺኝ?» አለ መነኩሴው።

«ትንሽ ነው፣ አባ። ይቅርታ።» ፎጣ ጫነችበት። «ከዚያ በኋላስ?»

«ከምን በኋላ?»

«ከመጨረሻው ተዝካር በኋላ። በጥር።»

«በጥርማ ዕረፍት ነው። ሟች ሲያርፍ ዘመድም ያርፋል።» ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ ሥራውን በወጉ የጨረሰ ሰው ደስታ። «ጥሩ አድርገን ሸኘነው እኮ።»

መነኩሴው ፕላስተሩን ራሱ ላይ ለጥፎ ሄደ። ኩኒኮ ምላጩን አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ፈርታ ነበር። የፈራችው ደግሞ ለኢዋኦ አይደለም፤ የሞተ ተጎዳ እንጂ እሱስ ምን ይሆናል። የፈራችው ለራሷ ነው። ማኪታ ጉልበቱን ያመዋል፣ ቤቱም በባቡር የሚኬድበት ነው። ቺናሚ ወጣት ናት፤ ወጣት ሰው የሚሄድበት አያጣም። መነኩሴው ቤተሰብ አለው። ኢዋኦ ከሌለ የተዘጋ ፀጉር ቤት ሰኞ ዕለት የሚያንኳኳው ማን ነው? ጥያቄውን ገለባበጠችው፤ ከየትም በኩል ብታየው መልሱ ማንም ሆነባት።

አንድ ሳምንት ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። መጨረሻ ላይ ያገኘችው ዘዴ እንኳን ለጓደኞቿ ለራሷም የሚነገር አልነበረም።

የጥቅምቱ ሰኞ ደረሰ። ኩኒኮ ኦደን የሚባለውን፣ በእንጨት ተሰክቶ በጥቁር መረቅ የሚቀቀለውን ምግብ፣ በትልቁ ድስት አቅርባለች። ማኪታ ዓሣ የተሰካበትን እንጨት አንስቶ፣ ገና ሳይነክሰው፣ ለልማዱ ያህል ነካካት።

«በሚመጣው ወር ደግሞ ሕያው ሰው ልትቀብሪ ነው፣ ኩኒኮ።»

«አልቀብርም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አስቤበታለሁ። እጁ የኢዋኦ ነው። አልሞተም። ስለዚህ ዘንድሮ ተዝካር አያስፈልግም፤ ዝም ብለን እንደ በፊቱ እያየን እንቀጥል።»

ማኪታ ለዚህች ቀን ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፤ ሰው ሁሉ በደስታ ይዘላል ብሎ ይጠብቃል። ማኪታ ግን እንጨቱን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ ኮሶ የጠጣ መሰለ።

«ማነው ያሳመነሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ ምን ብዬ?»

«ጓንቱ።»

«ጓንትማ ዓሣ አጥማጅም ያደርጋል!» ብሎ ጮኸ ማኪታ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ፤ ግን ወደ ኋላ የሚል ሰው አይደለም። «ደግሞስ ያ ጥልቀት፣ ያ ብርድ፣ የነጂው ክፍል መስታወት ተሰንጥቆ... ማን ይተርፋል? ልጁ ሞቷል። ሞቷል አልኩሽ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ...» አለች ቺናሚ።

«እኔ ምንም! ይቺ ሴትዮ አልሞተም ካለች ሞቷል። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ስገፋ ኖሬ አሁን ግድግዳው ቀስ ብሎ ቢወጣ ከማን ጋር ልከራከር ነው?»

መነኩሴው ደግሞ በሌላ በኩል ከፍቶታል። «ቆይ እስቲ» አለ፤ ፀጥ ያለ ድምፁ ያስፈራል። «ኩኒኮ፣ ለሕያው ሰው ተዝካር ሳወጣ ኖርኩ ነው የምትይኝ? ይህ ለኔ ቀልድ አይደለም። ለቆመ ሰው የሙት ጸሎት መድገም እርግማን ነው።»

«እርግማንስ አላልኩም፣ አባ።»

«እና ምን አልሽ?»

ኩኒኮ ድስቱን ማማሰል ጀመረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ቤቱን ላቆይ ብላ ቤቱን በጠበጠችው። የዚያን ቀን የነበራቸውን ክፍሎች ዝም ብለው አዩ። ኢዋኦ በቴሌቪዥኑ ውስጥ የአለቃውን ምሳ ሲሰርቅ እንኳን የሳቀ የለም። ማኪታ ኦደኑን ሳይጨርስ ሄደ፤ ይህን ያደረገበት ቀን የለም። ኩኒኮ ድስቱን ለሦስት ቀን ብቻዋን በላችው።

ኅዳር ላይ ሊመጡ ይችሉ እንደሆነ አታውቅም ነበር። መጡ። ማኪታ አዲስ የተጠበሰ ኮሮኬ በወረቀት ይዞ፣ ሰላምታውን በአገጩ ብቻ ሰጥቶ ገባ። ቺናሚ አበባ ይዛለች። መነኩሴው ለመጨረሻው ተዝካር ሲል ወርቃማውን የክብር ልብስ ለብሶ፣ ቃጭሉን በሐር ጠቅልሎ መጣ። መስተዋቱ ፊት ለፊት ያለው፣ ሻምፖና ማበጠሪያ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ተጠረገና ግራጫዋ ሰሌዳ ቆመች።

ክፍሉን አዩ። ኢዋኦ ማያያዣውን ፈታ። «ምሳዬን አስቀምጡልኝ» አለ። ቺናሚ እንደ ልማዷ አለቀሰች፤ ማኪታ እንደ ልማዱ ጉንፋን የያዘው መስሎ ተናፈጠ። ኩኒኮም አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሷ ግን ምስሉ ቆሞ ጭምር አልቆም አለ። መነኩሴው ቃጭሉን ሊመታ እጁን ሲያነሳ «ይቆዩኝ፣ አባ» አለች።

ሦስቱም ዞሩ።

«ዋሽቻችኋለሁ። ሞቷል። እጁ የማንም እጅ ነው፤ ይህን የማውቀው ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው። አልሞተም ያልኩት ተዝካሩ እንዳያልቅ ነው። ካለቀ እናንተ አትመጡም። እናንተ ካልመጣችሁ ደግሞ እኔ ሰኞ ሰኞ አፌን የምከፍተው ሩዝ ለመጉረስ ብቻ ነው። እንዲህ ነው። አሁን ይምቱት።»

መነኩሴው አልመታም። ማኪታ ኮሮኬው የተጠቀለለበትን ወረቀት ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«እትዬ ኩኒኮ» አለች ቺናሚ ቀስ ብላ። «እኛ እኮ የዕረፍት ቀንዎን የምንበላብዎት እየመሰለን ነው የኖርነው። አንድ ቀን እንኳን ኑ ብለውን አያውቁም። እኔ በመጣሁ ቁጥር ዘንድሮስ በቃችሁ ይሉን ይሆን እያልኩ ነው የማንኳኳው።»

«እኔም» አለ ማኪታ ወደ ወረቀቱ እያየ። «ለዚህ ነው ቀድሜ የምጨቃጨቀው። እየተጨቃጨቀ ያለ ሰው ውጣ አይባልም።»

ለካ ሠላሳ ዓመት ኩኒኮ እንዳይቀሩ ስትፈራ፣ እነሱ እንዳይባረሩ ሲፈሩ ኖረዋል።

መነኩሴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልብሴን ለብሻለሁ፤ ሰሌዳውም ቆሟል። የተጀመረ ነገር በወጉ ይለቅ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። የመጨረሻ ተዝካር ስለሆነ ግን ሟቹ የሞተበትን ቀንና ወር ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም መጥራት አለብኝ። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?»

«በቴሌቪዥን የታየበት ዓመት ነዋ» አለ ማኪታ።

«እሱ የታየበት ነው። የሞተበት መቼ ነው?»

አራቱ ተያዩ። የኢዋኦን የጫማ ቁጥር ያውቃሉ። የግራ እግሩ መኪና ስንት ቶን እንደሚመዝን፣ በየትኛው ክፍል ስንት ኮሮኬ እንደበላ ያውቃሉ። ዓመቱን ግን የሚያውቅ ጠፋ።

«መግቢያው ላይ ተራኪው ይለዋል መሰለኝ» አለች ቺናሚ። «ዓመቱ እንዲህ ነበር ምናምን ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ሰምቼው አላውቅም። እናንተ ትዘፍናላችኋ።»

እውነቷን ነው። መግቢያው በጀመረ ቁጥር ጣሳ ይከፈታል፣ ማኪታ ወንበሩን በመዳፉ ይደልቃል፣ መነኩሴው በዚያ መረዋ ድምፁ ከዘፈኑ ቀድሞ «ካዛንጋ፣ ተነስ!» ይላል። ተራኪው ምስኪን ከሥር ብቻውን ሲለፈልፍ ኖሯል። እንግዲህ ስለ ካዛንጋ ሁሉን የሚያውቁ ሰዎች የካዛንጋን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሰምተውት አያውቁም ነበር።

«መልሺው» አለ መነኩሴው።

ቺናሚ መለሰችው። ማንም አልዘፈነም። ተራኪው በወፍራም ድምፁ፣ በመጨረሻ አድማጭ አግኝቶ፣ ተናገረ፦ «ዓመቱ ሁለት ሺህ ሃምሳ ስምንት ነው። ባሕሩ ነቅቷል።»

መነኩሴው በጣቱ ቆጠረ። ጣቱ አልበቃ አለውና አቆመ። ከዚያ የቃጭሉን መምቻ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ገና አልሞተም» አለ።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ ማኪታ።

«ይቀመጡ። ተረፈ ማለቴ አይደለም፤ ገና አልደረሰበትም። ሲሞት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ የልደቱን ኬክ ብቻውን የጨረሰበት ክፍል አለ። እንግዲህ ለመወለዱ እንኳን ገና ከሃያ ዓመት በላይ ይቀረዋል። እኔ ለሞተ ሰው ጸሎት አለኝ። እናቱ ገና መዋእለ ሕፃናት ላለች ልጅ የምደግመው ምንም የለኝም። ሠላሳ ዓመት የት ስልከው እንደኖርኩ ቡድሃ ነው የሚያውቀው።»

ማኪታ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ትከሻው ይነቀነቃል፣ ድምፅ የለውም። ቺናሚ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ፈጥጦ ነበር።

«የእናቱ ስም ሚዶሪ ነው አይደል? ምሳ ይዛለት የመጣች ጊዜ አለቃው ስሟን ይጠራል።»

«ሚዶሪ» አሉ ሦስቱም በአንድነት። ይህንንማ ያውቃሉ።

«እኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ሚዶሪ አለች። አምስት ዓመቷ ነው።»

«ምሳ ትበላለች?» ብላ ጠየቀች ኩኒኮ።

«የራሷንም፣ አጠገቧ ያለውንም ልጅ።»

አሁን ግን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መነኩሴው በወርቃማ ልብሱ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። ኩኒኮም ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ደስ ብሏት ነው፣ እንደዚያ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ፊቷን በደንበኛ ፎጣ ጠረገች።

«እንግዲያስ እጠብቀዋለሁ» አለች። «እዚሁ ሆኜ። ሲያድግ ፀጉሩን ሊቆረጥ መምጣቱ አይቀርም። ግራ እግሩ ላይ እንዳትወጣ እለዋለሁ።»

«ምን ልትዪው?» ማኪታ ሳቁን ቆረጠ። «እሱ ካልወጣ ካዛንጋ በምን ሊቆም ነው? ከተማው ይለቅ?»

«ሌላ ሰው ይውጣ።»

«ማን?»

«እርስዎ ይውጡ።»

«እኔ ያኔ የለሁም፣ ኩኒኮ።»

ይህን ሲል ድምፁ ነገረኛ አልነበረም። ቺናሚ ወደ መሬት አየች።

«ይኖራሉ» አለች ኩኒኮ። «እርስዎ ከሌሉ ለልጁ እንዳይወጣ የምነግረው እኔ ብቻ ልሆን ነው፤ ያለ ተቃዋሚ ደግሞ የሚያምነኝ የለም።»

ማኪታ ኮሮኬውን ለአራት ቆራረሰውና በየሰዉ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ያም ሆነ ይህ» አለ እያኘከ፣ «ልጁን ከእግሩ ማውረድ ማለት ታሪኩን በሙሉ ማፍረስ ነው። ይህንን እኔ በሕይወት እያለሁ አታደርጊውም።»

«አደርገዋለሁ።»

«ይህ ዛሬ አያልቅም» አለ መነኩሴው፤ የክብር ልብሱን እያወለቀ፣ ሰሌዳዋን በሐሩ ጠቅልሎ በኪሱ እየከተተ።

«አያልቅም» አለች ኩኒኮ። ከዚያ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚናገር ሰው ቃሉን እየፈለገች፣ «ሰኞ ኑ» አለቻቸው።

«የትኛውን ሰኞ?» አለ መነኩሴው።

«ሁሉንም» አለች።